ዋንጫው ላይ ሁለተኛ የተጻፈው ስም

እናቴ ሬዲዮ የምትሰማው ለመጣላት ነው። ዜና አንባቢውን ትሰድባለች፣ የአየር ትንበያውን ውሸታም ትለዋለች፣ ማስታወቂያ የምታነበውን ሴትዮ "ደግሞ ይህችን ማን ጠራት?" ትላለች። ስለዚህ ያን ቀን ጠዋት ከጓዳ "ወሬኛ! ምላስህን ይቁረጠው!" ስትል ብሰማም ከቁብ አልቆጠርኩትም። እኔ ከፊት ባለው የሥራ ክፍላችን ቁጭ ብዬ ለአንድ ጠበቃ የበር ሰሌዳ እየቀረጽኩ ነበር። ጠበቆች ረጅም ማዕረግና አጭር ሰሌዳ ነው የሚወዱት፤ ፊደሉን ለማብቃቃት ስታገል ሬዲዮው ድንገት ጸጥ አለ። እናቴ ሬዲዮ ትሰድባለች እንጂ ዘግታ አታውቅም።

መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"ዋንጫውን ሊመልሱት ነው" አለችኝ።

"የቱን ዋንጫ?"

"ስንት ዋንጫ አለ በዚህ ቤት?"

አባቴ መስኮቱ ሥር ወንበሩ ላይ ነበር። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ሥራውን ለእኔ ለቆ እዚያ ይውላል። ቀና አላለም።

እናቴ የሰማችውን ነገረችኝ። ፌዴሬሽኑ ከስንት ዘመን በኋላ የአሸናፊዎች አሸናፊ ዋንጫን ሊያስጀምር ነው። የውድድሩንም ታሪክ በመጽሐፍ እያዘጋጀ ነው። ጋዜጠኛው ከረቂቁ ላይ አንድ ሁለት መስመር አንብቧል፤ በአንዱ ላይ ውድድሩ የተቋረጠው "ስም ቀራጩ በመቸኮሉ በተነሣ ረብሻ ነው" ይላል። ስም ቀራጩ ማለት አባቴ ነው።

"ሂጂና አስተካክዪ" አለችኝ። "አባትሽ በቁሙ እያለ ያንን ቃል ከመጽሐፉ አስወጪልኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ሲመታ እስከ መቼ ዝም እላለሁ?"

"ተዪው" አለ አባቴ ከመስኮቱ ሥር። "ማን ያነበዋል?"

"እኔ!" አለች።

ለማታውቁት ነገሩ እንዲህ ነው። የሊጉ ሻምፒዮንና የጥሎ ማለፉ ባለድል ወቅቱ ከመከፈቱ በፊት አንድ ጨዋታ ይገጥማሉ፤ ያሸነፈው የአሸናፊዎች አሸናፊ ይባላል። አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፣ አለቀ። በዓመት አንዴ የሚሠራ ነገር ደግሞ ለመረሳት የተመቸ ነው። አንድ ዓመት ፌዴሬሽኑ ጭራሽ ረስቶት ሊጉ ከተጋመሰ በኋላ አጫወቷቸው። አንድ ዓመት ሁለቱንም ዋንጫ ባቡር የሚባለው ክለብ ጠቅልሎ ወሰደና "ራሱን ከራሱ እናጋጥመው ወይ?" ተብሎ ትልልቅ ሰዎች ስብሰባ ተቀመጡ። አንድ ዓመት ደግሞ ጨዋታው በዝናብ ተቋርጦ የቀረውን አጋማሽ በሚቀጥለው ዓመት ጨረሱት፤ በመካከሉ ተጫዋቾቹ ክለብ ተቀያይረው ስለነበር አንዱ አጥቂ ያገባው ግብ ሲቆጠርበት ዋለ ይባላል። ይህን አባቴ ሲያወራ ታላቅ ወንድሜ ወለል ላይ ተንከባሎ ይስቅ ነበር።

ሰው ግን ይህን ጨዋታ የሚወደው ለስሙ ነበር። ዋንጫው የቆመው በጥቁር እንጨት ላይ ነው፤ እንጨቱን የናስ ቀበቶ ይዞረዋል፣ ቀበቶው ላይ የየዓመቱ አሸናፊ ስም ይቀረጻል። ሌላ ቦታ መጀመሪያ ዋንጫው ይሰጣል፤ ስሙ የሚጻፈው ሲደርስ ነው። የዚህ ውድድር መሥራቾች ግን ስሙ እዚያው፣ በዚያው ሰዓት ይቀረጽ ብለው ደነገጉ። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሲነፋ አባቴ ከትሪቡኑ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል መቅረጫውን ያነሳል። ሕዝቡ እየዘፈነ ይጠብቃል። አምበሉ ዋንጫውን ሲቀበል ከመሳሙ በፊት ስሙን በአውራ ጣቱ ይዳብሳል፤ ናሱ ገና ትኩስ ነው፣ ጠርዙ ቆዳ ይነካል። ያቺ የአውራ ጣት ነገር እንደ ሕግ ሆና ነበር። ያልዳበሰ አምበል የወሰደ አይመስለውም።

ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ። ቴሌቪዥን ደግሞ ሰው ተቀምጦ ስም ሲቀርጽ የመጠበቅ ትዕግሥት የለውም። "ውጤቱ ከለየ ጨዋታው ሳያልቅ ጀምር" አሉት። አባቴ አጉረመረመ እንጂ እምቢ አላለም። ጥቂት ዓመት እንደዚያ ተሠራ፣ ችግርም አልመጣ። ኳስ ድቡልቡል ናት የሚባለውን ፌዴሬሽኑ ለሌላ ሰው የተነገረ መሰለው።

በመጨረሻው ዓመት የተጋጠሙት ባቡርና ሲሚንቶ ነበሩ። ባቡር ትልቁ ክለብ ነው፤ ሲሚንቶ የፋብሪካ ልጆች ናቸው፣ ከሠራተኛ ሰፈር ውጭ ደጋፊ አልነበራቸውም። በቤታችን ሲሚንቶን የሚደግፈው ወንድሜ ብቻ ነበር። ለምን ሲባል "ሌላ የሚደግፋቸው የለማ" ይል ነበር። እኔ ያኔ ጥርሴን የምነቅል ልጅ ነኝ። እሱ ግን ጢሙን መላጨት ጀምሮ ነበር።

ባቡር አንድ ለባዶ እየመራ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የፌዴሬሽኑ ዋና ጸሐፊ ደረጃውን ወርዶ ወደ አባቴ ክፍል ገባ።

"ጀምር" አለው።

"ትንሽ ብንቆይ አይሻልም?" አለ አባቴ።

"አንተ ቀራጭ ነህ ወይስ ጠንቋይ? ጀምር ስልህ ጀምር!"

አባቴ ጀመረ። "ባቡር" ብሎ ሲጨርስ ሲሚንቶ አገባ። ይህ ውድድር ጭማሪ ሰዓት የለውም፣ ወዲያው ፍጹም ቅጣት ምት ነው። ሲሚንቶ አሸነፈ። ዋና ጸሐፊው ናሱ ላይ ቀይ ሪባን ጠመጠመበትና "ሰጥተን ወዲያው እንመልሰዋለን፣ ማንም አያየውም" ብሎ ዋንጫውን ይዞ ወጣ። የሲሚንቶ አምበል ግን የመጣው ስሙን ሊዳብስ ነው። ሪባኑን ገፋ አደረገና አውራ ጣቱን አሳረፈ። አነበበ። ከዚያ ዋንጫውን ወደ ደጋፊው አዙሮ አሳየ።

"ቀድመው ጨርሰውት ነበር" የሚለው ወሬ ከአፍ አፍ ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም። ድንጋይ ተወረወረ፣ ወንበር ተነቀለ፣ ፖሊስ ዱላ አነሳ፣ ሰው ወደ ምሥራቁ በር ሸሸ። በሩ በነፃ የሚገቡትን ለመከልከል ተብሎ በሰንሰለት ተቆልፎ ነበር። ከኋላ ያለው የፊተኛውን ይገፋል፤ የፊተኛው መሄጃ የለውም። ወንድሜ ከፊተኞቹ ጋር ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ፌዴሬሽኑ ውድድሩ "ለዘንድሮ ብቻ ተላልፏል" አለ። በሦስተኛው "በመርሐ ግብር መጣበብ ምክንያት" አለ። ከዚያ በኋላ ምንም ማለት ተወ። ሰው ግን የሚለው አላጣም። ለአባቴ "ቸኳዩ" የሚል ስም አወጡለት። ገበያ ሲሄድ ሥራ ፈት ሁሉ ከኋላው "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!" ይልበታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሱ ግን ሁሉንም ይሰማ ነበር፣ ዞር ብሎ አያይም እንጂ።

የምትዞረው እናቴ ናት። በለቅሶው ሰሞን አንድ ጎረቤት፣ የስታዲየም በር ጠባቂ የነበረ፣ "ባልሽን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ የምሥራቁን በር በእጁ ሲጎትት ነበር፣ እጁ ደም በደም ሆኖ" ብሏት ነበር። እናቴ ይህን ቃል ያዘች። የቀረውን ራሷ ሠራችው። "ባሌ ጩኸቱን እንደሰማ መሣሪያውን ወርውሮ ነው የሮጠው! ልጁን ለማውጣት ብረት በእጁ ሊቀድ የታገለ ሰው ነው!" ትላለች። ለባለሱቅ ትነግረዋለች፣ ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ትነግረዋለች፣ የበር ሰሌዳ ሊያሠራ ለመጣ ሁሉ ትነግረዋለች። ብርድ ሲሆን የአባቴ መዳፍ ላይ ያለው ጠባሳ ይሰነጠቃል፤ እሷ ቫዝሊን ትቀባዋለች፣ እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። በቃ፣ ልጇን ከቀበረች በኋላ ቀጥ ብላ የቆመችው በዚያ ቃል ነው። እናቴ ደግሞ ይቅር ማለት ያልፈጠረባት ሴት ናት። ወጥ ውስጥ ጨው ያበዛባትን ሰው ከነዘመኑ ታስታውሳለች።

እኔም ቃሉን ይዤ ነበር፣ አልደብቅም። በዚያ ቃል ተመክቼ ነው ፌዴሬሽን የሄድኩት።

የፌዴሬሽኑ ሕንፃ ሊፍቱ አይሠራም፤ የታሪክ ክፍሉ ግን ምድር ቤት ስለሆነ ለእኔ ተመቸኝ። ኃላፊው ክራቫት ያሰረ፣ የታረመ አንደበት ያለው፣ ሲናገር እጁን ደረቱ ላይ የሚያደርግ ሰው ነው። እኔ ለጠብ ተዘጋጅቼ፣ መንገዱን ሁሉ ስድብ ስመርጥ ነው የመጣሁት። እሱ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ሻይ ልዘዝ አለኝ፣ ያልኩትን ሁሉ ሰማኝና "እውነትዎን ነው" አለ። ጠብ የፈለገን ሰው እንደዚህ የሚያናድደው ነገር የለም።

"እውነቴን ከሆነ ለምን ጻፋችሁት?"

"ረቂቅ ነው እኮ እህቴ። ዋና ጸሐፊው ከመሞታቸው በፊት እዚሁ መጥተው ሁሉንም ነግረውኛል፣ ድምፃቸውን ቀድቼዋለሁ። ጀምር ብለው ያዘዙት እሳቸው ናቸው። የበላይ አለቆቼ ግን ሙት ወቃሽ አታድርገን፣ ሰው በለመደው ይውጣ አሉኝ። ከቀራጩ ቤተሰብ ጠያቂ ከመጣ ግን እንደ ገና አያለሁ ብዬ አስፈቅጃለሁ። ይኸው እርስዎ መጡ። እሺ ካሉኝ ነገውኑ አርመዋለሁ።"

አልዋሽም፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። እናቴ ፊት እንዴት እንደምገባ ማሰብ ጀመርኩ። ሰውየውም ደስታዬን አይቶ ደስ አለው። "ይልቅ ዋንጫውን ላሳይዎት" አለኝ።

ግምጃ ቤቱ በአሮጌ መረብ፣ በተጣጠፈ ባንዲራ፣ አየሩ በወጣ ኳስ የተሞላ ነው። ከአንድ ብረት ሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ፈታው። ዋንጫውን ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ናሱ ጠቁሯል። እንደ ልማዴ ፊደሎቹን በአውራ ጣቴ እየዳሰስኩ ዞርኩ፤ የየዓመቱን ስም፣ የአባቴን እጅ፣ ወጣት ሳለ የጻፈውን፣ በሳል ሲሆን የጻፈውን። በቤታችን ሁልጊዜ የሚባለው ዋንጫው የባቡርን ስም እንደያዘ ቀረ ነው። መጨረሻው ላይ ደረስኩ።

"ሲሚንቶ" ይላል።

"ማነው ይህን ያረመው?" አልኩት።

"ማን ይሆናል ብለው ነው? አባትዎ ናቸዋ!"

"መቼ?"

"በዚያው ሰዓት።" እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "ዋና ጸሐፊው ሲነግሩኝ፣ ረብሻው ሲነሣ ዋንጫውን ከአምበሉ ነጥቄ ወደ ታች ሮጥኩ አሉ። ‘አርመው፣ ትክክለኛውን ስም ካዩ ይረጋጋሉ’ አልኩት፣ አረመው፣ ይዤው ስወጣ ግን የሚያየው ሰው አልነበረም፣ ካዝና ከተትኩት አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። አስበውታል? ያ ሁሉ ግርግር እየሆነ ከወንበራቸው ሳይነሱ! ይህን በሙሉ ገጽ ፎቶ ነው የማወጣው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ የለ?"

እኔ ስሙን እየዳሰስኩ ነበር። ናስ ላይ የተቀረጸ ፊደል ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ፊደሉ ይፋቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ ይወለወላል፤ ግን ቦታው ጎድጎድ ብሎ ይቀራል፣ ብርሃን ሲያርፍበት ያሳብቃል። የሚቸኩል ሰው እንደዚያው ይተወዋል። ጉድጓዱን መሰወር የሚፈልግ ግን ከግራም ከቀኝም ያለውን ጤነኛ ናስ ቀስ በቀስ፣ እያየ፣ እየዳበሰ ዝቅ ማድረግ አለበት። አባቴ ሰውሮታል። ዓይን አያገኘውም፣ የእኔ አውራ ጣት ባይሆን ጣትም አያገኘውም። ከዚያ በላዩ ላይ "ሲሚንቶ" የሚለውን ጽፏል፤ ጽፎም አልቀረ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል በቀኝ በኩል ፀጉር የምታህል ሁለተኛ መስመር ሰጥቶታል፣ እኛ ጥላ የምንላትን። ጥላ የሚሰጠው ለሚወደው ሥራ ብቻ ነው።

ሙሉ ቀበቶው ላይ እንደዚህ ያማረ ስም የለም። አገሩ ሁሉ ቸኳዩ የሚለው ሰው ያን ቀን አልቸኮለም። ከግድግዳው ወዲያ ወንድሜ ትንፋሽ ሲያጥረው እሱ ጥላ እየሰጠ ነበር።

"ጀምር ተብሎ መታዘዙን ብቻ ጻፉ" አልኩት። "ማረሙን ተዉት።"

"እንዴት ይሆናል? ሰውየው ሁለቱንም ባንድ አፍ ነው የተናገሩት። ግማሹን አምኜ ግማሹን ብደብቅ ነገ ማን ያምነኛል? ደግሞ እኮ ለአባትዎ ክብር ነው!"

"እንግዲያው እንዳለ ይውጣ።"

"ምኑ?"

"ቸኮለ ብላችሁ ጻፉ።"

እኔ ዋንጫውን በጨርቁ መልሼ ጠቀለልኩና ወጣሁ።

ቤት ስደርስ እናቴ ገበያ ሄዳ ነበር። አባቴ መስኮቱ ሥር ነው። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ "ዋንጫውን አየሁት" አልኩት።

ዓይኑን ከመስኮቱ አልነቀለም።

"ጥላ ሰጥተኸዋል።"

"ጥላ ከሌለው ሲሚንቶ የሚለው ቃል ይዘረጋል" አለ በመጨረሻ። "ፊደሎቹ አይያያዙም።"

እንዲህ ነው ያለኝ። ቁጭ አልኩ።

"ጩኸቱን አልሰማህም?"

"ሰማሁ። መጀመሪያ የደስታ መሰለኝ።"

"በኋላስ?"

"በኋላማ አወቅኩ።" መዳፉን ገልብጦ ጠባሳውን አየ። "ስሙ ከታረመ ይረጋጋሉ አለኝ። ልጨርስላቸው ብዬ ነው። ቶሎ ልጨርስ አልኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ። ሁለተኛ ስህተት ብሠራስ ብዬ ፈራሁ። አንዴ ከተቀመጥኩ እኔ... ታውቂኛለሽ እኮ።"

"ለእማዬ ግን ለምን—"

"እኔ አልዋሸኋትም። ሰውየው በሩ ላይ አየሁት አላት፤ በሩ ላይ ነበርኩ። ስጨርስ ሄጃለሁ። የቀረውን ራሷ ናት የጨመረችው። በዚያ ቃል ነው እህል የቀመሰችው፤ ከአፏ ልንጠቃት?" ትንሽ ቆይቶ "መጽሐፉን ምን አልሻቸው?" አለኝ።

"ቸኮለ በሉ አልኳቸው።"

"ደግ አደረግሽ" አለ፣ ትከሻው ሲላላ አየሁት።

ያን ጊዜ ጠላሁት። የወለደኝን፣ መቅረጫ አያያዝ ያስተማረኝን ሰው ጠላሁት። አንጀቴንም በላኝ፤ ሁለቱ አንድ ላይ አይሆኑም የሚል ካለ አልደረሰበትም። ለእናቴ "እምቢ አሉ" አልኳት። ፌዴሬሽኑን ከነዘር ማንዘሩ ረገመችና የአባቴን እጅ ቫዝሊን ቀባች።

መጽሐፉ ሲወጣ የታሪክ ክፍሉ ሰው ራሱ ይዞልን መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ችግሩ ያ ነው። ምሳ ሊቀርብ ሲል በሩን አንኳኳ፣ ለአባቴ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፣ መጽሐፉን በሁለት እጁ ሰጠው። አባቴ ሳይከፍተው ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

እናቴ ከጓዳ ወጣች። "እናንተ ናችሁ አይደል?" አለችው። "ልጄ እግርህ ድረስ መጥታ ለምና እምቢ ብለህ፣ ዛሬ ምን ልትሆን መጣህ?"

ሰውየው ግራ ገባው። እያየሁት ነበር፣ በዓይኔም ለመንኩት፤ አልገባውም።

"እኔ? እኔማ ልናርመው ነው ብያቸው ነበር እናቴ። ልጅዎ ናቸው እንዳለ ይውጣ ያሉኝ።"

"በቃ፣ ይሂዱ" አልኩት። ክንዱን ይዤ ወደ በሩ ወሰድኩት። ይቅርታ እያለ፣ ምን እንዳጠፋ እየጠየቀ ሄደ።

ስመለስ እናቴ ክፍሉ መሐል ቆማለች።

"አንቺ ነሽ?"

ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ።

"አንቺ ነሽ ወይ? ስድቡን ከሜዳ ለቅመሽ መጽሐፍ ላይ ያስጻፍሽበት? ልጁን ሊያወጣ እጁን ያስበላ ሰው? ምን በደለሽ? ይህን ወንበር፣ ይህን ጠረጴዛ፣ ይህን ሙያ ማን ሰጠሽ? ወንድምሽ ቢኖር ይህን ያደርግ ነበር?"

አባቴን አየሁት። መጽሐፉን እያየ ነበር። አንድ ቃል ብቻ እንዲናገርልኝ ጠበቅኩ፤ ደግሞ እንዳይናገር ፈራሁ። እናቴ ስትሰድበኝ፣ አንቺ ከእኔ ማኅፀን አልወጣሽም ስትለኝ፣ እሱ ዝም አለ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ልሸከመው ቆርጬ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ እስከ መጨረሻው እሸከመው ነበር።

"ግድ የለም" አለች እናቴ። "እኔ እግር አለኝ።" ጫማዋን ከበሩ ኋላ ሳበችና አንዱን አጠለቀች። "እዚያ ቢሮ ደጅ ላይ እተኛለሁ። ያ በር ጠባቂ እንዳለ አለ፣ ምስክር አድርጌ እወስደዋለሁ። መሣሪያውን ጥሎ መሮጡን ራሴ አስጽፋለሁ።"

"ቁጭ በዪ" አለ አባቴ።

"አልቀመጥም!"

"አልሮጥኩም።"

ሁለተኛውን ጫማ እጇ ላይ ይዛ ቀረች።

"ምን አልክ?"

"ያን ቀን። አልሮጥኩም። ተቀምጬ ስሙን እያረምኩ ነበር። ወደ በሩ የሄድኩት ከጨረስኩ በኋላ ነው። እሷ ዋንጫውን አይታ አወቀች፣ እንዳትሰሚ ብላ ነው ስድቡን የተወችው። እሷን ተያት።"

እናቴ አየችኝ። እኔ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የናስ ብናኝ በመዳፌ እየሰበሰብኩ ነበር። ፊቴ ላይ የፈለገችውን አገኘች መሰለኝ፣ መልሳ ወደ እሱ ዞረች።

"ጩኸቱን እየሰማህ?"

"እየሰማሁ።"

"እስክትጨርስ?"

"እስክጨርስ።"

ትጮኻለች፣ ወይ ትወድቃለች ብዬ ተነሣሁ። አልጮኸችም። የቆመችበት አንድ እግሯ ጫማ አለው፣ አንዱ የለውም፣ ስለዚህ ትንሽ አዘንብላ ነበር። ከዚያ በቀስታ፣ ሰው የታመመ እንደሚጠይቅ አድርጋ፣

"አምሮ ነበር?" አለችው።

አላማረም ቢል ምናለበት! ችኮላ ነበር፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ፊደሉ ጠመመ ቢላት። ማን ያየዋል? እኔ አልናገርበት። ነገር ግን አባቴ በኑሮው ሁሉ ስለ ሥራው ዋሽቶ አያውቅም፣ ለደንበኛም ለእኔም። ከንፈሩን አንድ ሁለቴ አንቀሳቀሰ።

"አምሮ ነበር" አላት።

እናቴ ጎንበስ ብላ ያጠለቀችውን ጫማ አወለቀች፣ ሁለቱን አጋጥማ ከበሩ ኋላ መለሰቻቸው። ወደ ጓዳ ገባች። የሳህን ድምፅ ሰማሁ፣ ቧንቧ ሲከፈት ሰማሁ፣ ሲዘጋ ሰማሁ። አባቴና እኔ አልተያየንም። ምግቡን በትሪ ይዛ መጣች፣ እንደ ወትሮው የሦስት ሰው ሳህን ደረደረች፣ ውሃ ቀዳች፣ ተቀመጠች።

"አባትሽን ምሳ ቀርቧል በዪው" አለችኝ።

አባቴ እጇን ብትዘረጋ የምትነካው ቦታ ተቀምጦ ነበር።

"አባዬ፣ ምሳ ቀርቧል" አልኩት።